በሆስፒታሉ በር ላይ ያለው ስም



ዛሬ የማወጋችሁ ከሞቱ ከሰማንያ ዓመት በላይ ስለሆናቸው አንድ መስፍን ነው። የሃይማኖታችን ሰው አልነበሩም። ስማቸውን ግን አዲስ አበባ የሚኖር ሁሉ ያውቀዋል፤ ታሞ ሄዶበታል፣ ታማሚ ጠይቆበታል፣ ወይም ታክሲ ውስጥ ተቀምጦ ወራጅ ብሎበታል። ራስ ደስታ! ሰውየው ማን እንደነበሩና ምን እንደደረሰባቸው ግን ስንቶቻችን እናውቃለን? እኔም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ከማያውቁት ወገን ነበርኩ።

ነገሩ የተጀመረው የአባቴ ታናሽ ወንድም ከፊልቱ ታመው የመጡ ጊዜ ነው። በእኛ በሊበን ሶማሌዎች አጠራር የአባት ወንድም አደር ይባላል፤ እኔም እዚህ እንደዚያው ልጥራቸው። አደር ስኳር አለባቸው። እግራቸው ላይ የሽምብራ ፍሬ የምታክል ቁስል ወጣች። በአካባቢው ወዳለ አንድ ጤና ተቋም ቢሄዱ ፋሻ ታሰረላቸውና መድኃኒቱ እዚህ የለም፣ ነገሌ ይሂዱ ተባሉ። ከፊልቱ ነገሌ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ መኪና በፈለጉ ሰዓት አይገኝም። ከነገሌ አዲስ አበባ ደግሞ ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ። የክልልም ጣጣ አለ፤ ፊልቱ ሶማሌ ክልል፣ ነገሌ ኦሮሚያ ክልል ነው። የማስተላለፊያው ወረቀት ከታማሚው እግር ይልቅ ያነክስ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም። እኔ ቤት ሲደርሱ ቁስሉ አሥራ ዘጠኝ ቀን ሆኖት ጣታቸው ጠቁሯል።

ለምርመራ ራስ ደስታ ሆስፒታል በሄድንበት ጠዋት፣ ገና ከታክሲው ሳንወርድ፣ በሩ ላይ የተጻፈው ምን እንደሚል ጠየቁኝ። አነበብኩላቸው። ዝም አሉ። ተራ እየጠበቅን ሳለ፣ ከብዙ ቆይታ በኋላ፣ አባታቸው (የእኔ አያት) ልጅ ሆኖ ግመል ሲጠብቅ የዚህን ሰው ጦር በዓይኑ እንዳየ አጫወቱኝ። አያቴ የሚያስታውሰው ጠመንጃውን አልነበረም። እሱ ያስታውስ የነበረው የሚንቀጠቀጡትን ሰዎች ነው። በዚያ ሐሩር ጋቢ ተከናንበው፣ በግራር ሥር ተኮራምተው፣ ጥርሳቸው ይንገጫገጭ ነበር። ከብት የረገጠውን የዝናብ ኩሬ ውኃ በቁናቸው ቀድተው ሲጠጡ አይቶ ለእናቱ እነዚህ ሰዎች አይመለሱም ብሎ እንደነገራት ይተርክ ነበር አሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ሰውየው የተጻፈ ነገር ስፈልግ ከረምኩ።

ደስታ ዳምጠው በ1884 ዓ.ም. ገደማ ተወለዱ። አባታቸው ፊታውራሪ ዳምጠው ከተማ አፄ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. ወደ ሩስያ የላኩትን መልእክተኛ የመሩ ሰው ናቸው፤ በዓመቱ ዐድዋ ላይ ወደቁ። አባቱ በጦር ሜዳ የሞተበት መኳንንት ልጅ በዚያ ዘመን ወግ ለቤተ መንግሥት ቅርብ ሆኖ ያድጋልና ደስታም በዚሁ መንገድ አደጉ። በ1917 ዓ.ም. ገደማ የአልጋ ወራሽ ተፈሪን ልጅ ተናኘወርቅን አገቡ፤ ሁለት ወንድና አራት ሴት ልጆች ወለዱ። ተፈሪ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ሲነግሡ አማቻቸው ከታማኞቹ ሁሉ ታማኝ ሆኑ። በ1925 ዓ.ም. ክረምት ላይ ንጉሠ ነገሥቱን ወክለው አሜሪካ ሄዱና ፕሬዚዳንት ሩዝቬልትን አነጋግረው ተመለሱ።

ከዚያ ቀደም ብሎ የሲዳሞ ግዛት ተሰጥቷቸው ነበር። ይርጋለምን መቀመጫቸው አደረጉ። የይርጋለምን አገር ያየ ያውቀዋል፤ እንሰቱ፣ ቡናው፣ ምንጩ፣ ጠዋት ጠዋት የሚወርደው ጉም። ግዛታቸው ግን እዚያ አያበቃም፤ ቁልቁል ወርዶ ነገሌን አልፎ እስከ ሞያሌና እስከ ዶሎ ይደርስ ነበር። የታችኛውን አገር ሕዝብ፣ ቦረናውን፣ ጉጂውን፣ ሶማሌውን፣ ይርጋለም የምታውቀው በአብዛኛው በግብር ነው። የገባር ሥርዓቱንም እዚህ ላይ ሸፍኜ ማለፍ አልፈልግም። ስለ ሟች ደግ ደጉን መናገር የተገባ ቢሆንም፣ አያቶቻችን በይርጋለም መንግሥት ላይ የነበራቸው ስሜት ፍቅር ነበር ብዬ ልዋሻችሁ አልችልም። ነገሩን የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ቆላውን የሚያውቀው የቆላው ሰው ነው፤ በቤተ መንግሥቱና በቆላው ሰው መካከል ግን ግብር እንጂ ምክር አልነበረም። ይህ ክፍተት በኋላ ስንት ነፍስ እንደበላ እናያለን።

ጣልያን መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. መረብን ተሻገረ። በደቡብ በኩል ጄኔራል ግራዚያኒ ከጣልያን ሶማሊያ ተነሥቶ ዶሎ ላይ ይጠብቃል። ራስ ደስታ ሃያ ሺህ ያህል ሰው አስከትለው ከሲዳሞ ደጋ ወረዱ። እቅዳቸው ድፍረት አይጎድለውም ነበር፤ የገናሌን ወንዝ ተከትሎ ዶሎ መድረስ፣ ከተቻለም ጠላት ግዛት መግባት። በወረቀት ላይ ወንዝ ተከትሎ መሄድ ብልህነት ነው። ውኃ አለና!

የአገሬ ሰው ግን ወንዝ ዳር አያድርም። ግመሉን አጠጥቶ፣ ቀርበታውን ሞልቶ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ደረቁ ጋራ ይመለሳል። ወንዝ ዳር ቢምቢ አለ፣ ከብት የሚጨርስ ዝንብ አለ። ይህን ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል፤ እኔም ፊደል ሳልቆጥር ነው የተማርኩት። ሌላም ነገር አለ። ቆላ ተወልዶ ያደገ ሰው ወባ በልጅነቱ ደጋግማ ስለያዘችው፣ ከሞት ከተረፈ፣ ሰውነቱ በከፊል ይለማመዳታል። የይርጋለም ወይም የሸዋ ገበሬ ግን ቢምቢዋ ስትነድፈው እንደ ሕፃን ነው። ወቅቱንም ተመልከቱ። ጦሩ ቆላ የገባው በጥቅምትና በኅዳር ነው፤ እኛ ደይር፣ ቦረናዎች ሐገያ የምንለው ዝናብ የሚጥልበት፣ ኩሬው ሁሉ የቢምቢ እጭ የሚሆንበት ወራት። ሰውና በቅሎ ጭቃ ውስጥ እየማቀቀ፣ ስንቅ ከኋላ እየዘገየ፣ ሰፈሩ ወንዝ ዳር ሆነ። ወባው ተነሣ። ተቅማጡ ተከተለ። ግራዚያኒ አንድ ጥይት ሳይተኩስ ጦሩ ሳሳ።

እዚህ ላይ ሁላችንም የምናውቀውን ታሪክ ባስታውሳችሁ ከርዕሴ የወጣሁ አይመስለኝም። ሰዕድ ኢብን አቢ ወቃስ (ረ.ዐ.) ፋርስን ድል አድርገው መዳኢን በገቡ ጊዜ የሠራዊቱ መልክ ተለወጠ፤ ሰውነታቸው ከሳ፣ ቀለማቸው ወየበ። ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ.) ከዚያ የመጡትን ሰዎች ባዩ ጊዜ ያጠያየቁት የቦታውን ነገር ነው። ለግመል የሚስማማ ደረቅ መሬት ፈልጋችሁ ስፈሩ ብለው አዘዙ። ኩፋ የምትባለው ከተማ በ17ኛው ዓመተ ሂጅራ የተቆረቆረችው እንዲህ ነው። በማግሥቱ ዓመት በዐምዋስ ወረርሽኝ ጊዜም አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ.) ሠራዊቱን ከረግረጉ ዝቅታ ወደ ከፍታው እንዲያወጡ ዑመር ጽፈውላቸዋል። አቡ ዑበይዳ በዚያው በሽታ አረፉ፤ በመጨረሻ ዐምር ኢብኑል ዓስ (ረ.ዐ.) ሰዉን በየተራራው በተኑትና ጋብ አለ። ማይክሮስኮፕ አልነበራቸውም። መሬቱ ራሱ እንደሚያሳምምና እንደሚያድን ግን ያውቁ ነበር፤ መሬቱን የሚያውቀውንም ሰው ይጠይቁ ነበር። ራስ ደስታን የምወቅሳቸው በዚህች ነጥብ ላይ ነው። ወደ ዶሎ መውረዳቸውን አልነቅፍም፤ አገር ተወርሮ እቤት አይቀመጥም። የግመሉን ባለቤት ሳይጠይቁ መውረዳቸው ነው ያሳዘነኝ።

ግራዚያኒ ጠይቋል። የሶማሌ ዱባት ወታደሮች ከፊቱ ነበሩ፤ የውኃውን ጉድጓድ እየመሩ ያሳዩት ነበር። ይህን ስጽፍ ደስ እያለኝ እንዳልሆነ አንባቢ ይረዳልኛል።

ከዚህ ሁሉ ጨለማ መካከል አንድ ብርሃን ነበረች። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ገና በ1927 ዓ.ም. ነበር የተቋቋመው፤ ሐኪምም አምቡላንስም የለውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ከውጭ የሕክምና ቡድኖች መጡ። ለእኛ አንባብያን ይህችን ልጨምር፤ የግብፅ ቀይ ጨረቃም ከመጡት አንዱ ነበር፤ በሐረርና በኦጋዴን በኩል ሠርቷል፤ ከቦምብም አልተረፈም። ወደ ራስ ደስታ የወረደው ግን የስዊድን ቀይ መስቀል ነው። መሪው ዶክተር ሂላንደር ሐረር የሠሩ፣ አገሩን የሚያውቁ ሐኪም ነበሩ። በጭነት መኪና ከአዲስ አበባ እስከ ገናሌ ዳር ወርደው፣ ከዶሎ በላይ መልካ ዲዳ በሚባለው መሻገሪያ ድንኳናቸውን ተከሉ።

ይህን ሳነብ የመዲናዋ የሩፈይዳ ድንኳን ትዝ አለችኝ። ሰዕድ ኢብን ሙዓዝ (ረ.ዐ.) በኸንደቅ ዘመቻ ሲቆስሉ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) በቅርብ ሆነው ሊጠይቋቸው ፈልገው ድንኳኑን በመስጊዳቸው ውስጥ አስተከሉ። ቁስለኛው ሐኪም ፍለጋ አልተንከራተተም፤ ሕክምናው ካለበት ደረሰለት። መልካ ዲዳም እንዲያ ነበረች። ከይርጋለም ስንትና ስንት ቀን ርቆ በወባ የወደቀ ገበሬ፣ ከወደቀበት ሜዳ ላይ ኪኒን፣ ፋሻና የሚያነሣው እጅ አገኘ። የቆላው አገር እስከዚያ ቀን እንዲህ ያለ ነገር አይቶ የሚያውቅ አይመስለኝም።

ብዙም አልቆየች። ታኅሣሥ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. ጠዋት የጣልያን አውሮፕላኖች መጡ። የቀይ መስቀል ባንዲራ በግልጽ ይታይ ነበር። በድንኳኖቹ ላይ ቦምብ ወረደ። ታመው የተኙት ካልጋቸው ሳይነሡ አለቁ፤ ዶክተር ሂላንደር ቆሰሉ፤ ጉናር ሉንድስትረም የሚባለው ስዊድናዊ ረዳት ቆስሎ ሞተ። አውሮፕላኖቹ ወረቀትም በትነዋል። ደጋሐቡር አካባቢ ተማርኮ የተገደለውን ሚኒቲ የሚባለውን አብራሪ ልንበቀል ነው የሚል ነበር። አንድ አብራሪ በኦጋዴን ተገደለ ተብሎ ገናሌ ዳር ወባ ይዞት የሚንቀጠቀጥ ሰው በቦምብ ይገደላል። የመርዝ ጋዝም በዚያው ሰሞን በዚሁ ግንባር ላይ ተጥሏል፤ ጫማ ያላደረገ ሠራዊት ሣሩን ሲረግጥ እግሩ ይላጥ ነበር።

ጥር ገባ። ዝናቡ አቁሟል፤ ጂላል ነው። በኅዳር በውኃ ብዛት ይሰቃይ የነበረው ጦር አሁን በጥማት ሊያልቅ ነው። ጥር 3 ቀን ግራዚያኒ ከአሜሪካ በተገዙ የጭነት መኪናዎችና በታንክ ተነሣ። ወንዙንና ጉድጓዶቹን ያዘ። ከጦርነቱ የተረፈው ሰው በየቁጥቋጦው ተበትኖ፣ ከላይ አውሮፕላን ከኋላ መኪና እያባረረው፣ ውኃ ፍለጋ ወደ ገናሌ ሲመለስ መትረየስ ይጠብቀዋል። አያቴ ስለዚህ ወቅት አይተርክም ነበር አሉ አደር። አሞራ ከሚያንዣብብበት አቅጣጫ ግመሎቹን አርቆ እንደሄደ ብቻ ይናገር ነበር። ጥር 11 ቀን ነገሌ ተያዘ። ዶሎን ለመያዝ ከወረደው ጦር አብዛኛው ከዚያ ሜዳ አልወጣም። አያቴ ለእናቱ የነገራት ደረሰ።

ራስ ደስታ እዚህ ላይ ቢያበቃላቸው ኖሮ ታሪካቸው የሽንፈት ታሪክ ብቻ ይሆን ነበር። ግን የቀሩትን ሰብስበው ወደ ላይ ወጡ። ከነገሌ በስተሰሜን የዋደራ ጫካ አለ፤ ቅዝቃዜውና ዛፉ ድንገት ነው የሚቀበላችሁ። ከደጋ የመጣው ሰው እዚያ ሲደርስ አገሩ ገባ። ምንጭ አገኘ፤ የሚሸሸግበት አገኘ፤ የሚያውቀውን እህል በላ። አሁን የጨነቀው ለግራዚያኒ መኪናዎች ነው። ጭቃው ያዛቸው፣ ጫካው አውሮፕላኑን አሳወረው። ጣልያን በጥር በስምንት ቀን ገደማ ውስጥ ከነገሌ በር ደርሶ፣ ይርጋለምን ለመያዝ እስከ ኅዳር 1929 ዓ.ም. ፈጀበት። ሰዎቹ ያው ናቸው፣ ጠመንጃው ያው ነው፤ እንዲያውም ቁጥራቸው አንሷል። ይህን ልዩነት ያመጣው ምን እንደሆነ ለመገመት የጦር ሊቅ መሆን አያስፈልግም።

ንጉሠ ነገሥቱ ከተሰደዱ ወራት አልፈዋል። ልዕልት ተናኘወርቅና ልጆቹም አገር ውስጥ የሉም። ራስ ደስታ ከባሌው ገዥ ከደጃዝማች በየነ መርዕድና ከደጃዝማች ገብረ ማርያም (ይህም ስም ዛሬ በትምህርት ቤት በር ላይ ነው) ጋር ሆነው፣ የታመመውንና የቆሰለውን ይዘው፣ በሐይቆቹ አካባቢ አድርገው ወደ ጉራጌ አገር ተሻገሩ። በዚህ ጉዞ ድንኳን የለም፣ ሐኪም የለም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. (አዲስ አበባ ውስጥ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ በተወረወረበት በዚያው ዕለት) ጎገቲ ላይ ተከበው ተመቱ። ገብረ ማርያም በውጊያው ወደቁ፤ በየነ መርዕድ ተይዘው ተረሸኑ። ራስ ደስታ አመለጡ። አምስት ቀን ብቻ። የካቲት 17 ቀን ቡታጅራ አካባቢ ተይዘው በጥይት ተደበደቡ። ዕድሜያቸው አርባ አምስት ገደማ ነበር።

ከነጻነት በኋላ ስማቸው ለሆስፒታል ተሰጠ። ማን እንዳሰበው አላውቅም፤ ግን ሳስበው ይገርመኛል። ለጦር ሰው መታሰቢያ ሰፈር ወይም አደባባይ ይሰየማል። እኚህ ሰው የሕሙማን ድንኳናቸው በቦምብ ሲጋይ ያዩ፣ ከጥይት ይልቅ በወባና በጥማት ሰው ያለቀባቸው ናቸውና የሆስፒታሉ ስም በቦታው ነው። ሆስፒታሉ ግን ያለው አዲስ አበባ ነው። ከገናሌ ዳር የሚነሣ ታማሚ እዚያ ለመድረስ ራስ ደስታ የወረዱትን መንገድ ሽቅብ መውጣት አለበት።

ጁምዓ ጁምዓ ከአንዋር መስጊድ ስንወጣ በሩ ላይ የሆስፒታል ወረቀት ይዘው የሚቆሙትን ሁላችንም እናውቃቸዋለን። ብር እንሰጣለን፤ አሏህ ይቀበለን። አደር ከታመሙ ወዲህ እኔ ወረቀቱን ማንበብ ጀምሬአለሁ። ከየት እንደተላከ፣ መጀመሪያ የታየበትን ቀንና እዚህ የደረሰበትን ቀን አያለሁ። በሁለቱ መካከል ያለው ዕድሜ አንዳንዴ ከበሽታው ይበልጥ ያስደነግጣል። ይህን የሚያነብ የጤና ቢሮ ሰው ካለ፣ እሱም አንድ ጁምዓ መጥቶ ቢያነብ አልጠላም።

የአደር እግር ከጉልበት በታች ተቆረጠ። ቀድሞ ቢመጡ ጣቷ ብቻ ትበቃ ነበር አለ ያየው ሐኪም፤ ማንንም ሊወቅስ አልፈለገም፣ እኔም አልጠየቅሁትም። እኔ ቤት ሁለት ወር ተቀመጡ። የእኔ ቤት ኮንዶሚኒየም ነው፣ አራተኛ ፎቅ። ደረጃው ሰባ ሁለት መሆኑን ያወቅሁት ያኔ ነው፤ እሳቸው ናቸው የቆጠሩት። መስጊዱ ከመስኮት ይታያል፣ አዛኑ ይሰማል፣ ግን አይደርሱበትም። ለጁምዓ እኔና የጎረቤት ልጅ ተሸክመን እናወርዳቸው ነበር፤ ይህ መሸከም ከእግራቸው መቆረጥ ይልቅ አንገታቸውን ያስደፋቸው ነበር። ሚስቴ እንደ አባቷ ተንከባከበቻቸው። እሳቸው ግን አካለ ስንኩል የሆንኩት ሆስፒታል ሳይሆን እዚህ ደረጃ ላይ ነው ይሉ ነበር፤ በቀልድ ነው፣ ግን ቀልድ ብቻ አልነበረም።

ፊልቱ ሲመለሱ ሌላ ሰው ሆኑ። ቤታቸው ከመሬት ጋር እኩል ነው፤ መስጊዱም ደረጃ የለውም። የክራንቹ ጫፍ አሸዋ ውስጥ ሲሰምጥባቸው ከጎማ ቆርጠው ሰፊ ጫማ አበጁለት። ውዱእ የሚያስደርጓቸው የልጅ ልጆች ይሻማሉ። ሰው እሳቸው ደጃፍ እየመጣ ስለሚቀመጥ ሽምግልናውም እዚያ ሆኗል። የስኳሩ መድኃኒት ግን አሁንም ከእኔ ነው የሚላከው፤ በአውቶቡስ ሹፌር እጅ፣ በበረዶ ተጠቅልሎ፣ አንዳንዴ በረዶው ነገሌ ሳይደርስ ይቀልጣል።

ባለፈው ሳምንት ደወሉልኝ። ደይሩ ጥሩ ጥሏል፣ ግመሎቹ ወደ ገናሌ ወርደዋል፣ በአህያ ጋሪ ሄጄ ላያቸው ነው አሉኝ። ወንዝ ዳር እንዳያድሩ አደራ አልኳቸው። ሳቁብኝ። ማን ያስተማረህን ነው የምታስተምረኝ አሉና ለሹፌሩ በረዶ እንድጨምርበት አሳስበው ስልኩን ዘጉት።